ውሃ የጠማው ፓምፕ

ድሮ ቦሌ ውስጥ የሰው ማዕረግ የሚለካው በመኪናው ነበር። ያ ቀረ። አሁን ቀና ብለህ ጣራውን ታያለህ፤ ስንት ሮቶ ተደርድሯል? አንድ ሮቶ ያለው ደሞዝተኛ ነው። ሁለት ያለው ነጋዴ ነው። አራት ያለው ደግሞ ወይ ሆቴል ሊከፍት አስቧል፣ ወይ ለሰባቱ ክፉ ዘመን የሚያከማች ዮሴፍ ነው። እኔ አንዲት ሮቶ አለችኝ። እሷም አብዛኛውን ጊዜ ባዶዋን ስለምትውል ብትመታት ለማኅሌት ትሆናለች።

ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ ሌሊት ይወዳል። አገር ምድሩ እንቅልፍ ላይ ሳለ ከየግቢው «መጣች! መጣች!» የሚል ጩኸት ይነሳል። ሰፈሩን የማያውቅ እንግዳ ሙሽራ የገባች ይመስለዋል። ባለቤቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች፣ እኔ ባትሪ ይዤ እከተላለሁ። ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ የወጥ ድስቱ፣ የልጅ ልጄ ገላዋን የምትታጠብበት ሳፋ ሳይቀር ይሰለፋል። ቧንቧው መጀመሪያ ይተነፍሳል። ቀጥሎ ያስላል። ከዚያ ዝገት ይተፋና ቀጭን ውሃ መንጠባጠብ ይጀምራል። «ተመስገን» ብለን ሳንጨርስ ከአጥሩ ማዶ «እምምም» የሚል ድምፅ ይሰማል። የባለ አራት ሮቶው ጎረቤታችን ፓምፕ ነው። ያቺም ጠብታ ትቆማለች።

ይህን ፓምፕ ሰውዬው የገጠመው የት ላይ መሰላችሁ? ከታንከሩ ላይ አይደለም፤ የሁላችን ከሆነው መስመር ላይ ነው። ጠግኖ የሚያልፍ የቧንቧ ሠራተኛ በር ላይ አስቁሜ ስለጠየቅኩት፣ የዚህን ነገር ጉድ አሁን በደንብ አውቃለሁ። መስመሩ ውስጥ ውሃ በግፊት ሲሄድ፣ ቧንቧው የተሰነጠቀ እንኳ ቢሆን ውሃ ወደ ውጭ ያፈሳል እንጂ ከውጭ ምንም አያስገባም። ፓምፕ ከነጉልበቱ ሲመጠው ግን ግፊቱ ይጠፋና ቧንቧው ራሱ መሳብ ይጀምራል። በየስንጥቁ፣ በየላላው መገጣጠሚያ አፈር ውስጥ ያለውን እርጥበት ይጎትታል። እርጥበቱ ደግሞ የጸበል አይደለም። እዚያው ጎን የተቆፈረው የሽንት ቤት ጉድጓድ ያሰረገው ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ የኔን ድርሻ መውሰዱ ሳያንሰው የሰፈሩን ሽንት ቤት አክሎ ወደ ሮቶው ይጭናል ማለት ነው።

ይህን በትሕትና፣ ኮፍያዬን አውልቄ ነገርኩት። «ጋሼ አይጨነቁ፣ እኛ የምንጠጣው የታሸገ ነው» አለኝ።

የታሸገ! እንግዲህ የታሸገው ነገር ተነሥቷልና ዝም አልልም። ያ ሃይላንድ የት እንደሚሄድ በየጠዋቱ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከመኪና መስኮት ይወረወራል፣ ተንከባሎ ከመንገድ ዳር ካለው የጎርፍ ቱቦ አፍ ይደርሳል፣ ከፌስታልና ከጫት ገረባ ጋር ተቃቅፎ እዚያው ይከርማል። ከቦይ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው ማዳበሪያ ያዘለው ቆራሌው ብቻ ነው፤ በኔ ሚዛን የዚህ ሰፈር የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ እሱ ነው፣ ደመወዝ የሌለው። ከዚያ ሐምሌ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ስንለምን ለከረምን ሰዎች፣ ቱቦው ተደፍኖ ውሃ ሳይጠራ ሳሎናችን ድረስ ይመጣል። አንዱም ግን አሸንዳው ሥር በርሜል አያስቀምጥም! እናቶቻችን የቆርቆሮ ጣራ እንደገባላቸው መጀመሪያ የገዙት በርሜል ነበር። የዛሬው ቪላ በሴራሚክ አምሮ የዝናቡን ውሃ ወደ ጎረቤቱ በር ይልካል።

ፌስታል እንኳ መከልከሉን ታውቃላችሁ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ከልክሎ ነበር። ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ሚሊሜትር የምትለካበት መሣሪያ ስላልነበራት ነገሩ እዚያው ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ሚሊሜትሩን ትቶ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። እኔ የድሮ ዘንቢሌን አውጥቼ አራግፌአለሁ። የልጅ ልጄ ግን «አባባ፣ እሱን ይዘህ ከኔ ጋር አትውጣ» ብላኛለች።

የሚያንገበግበኝ፣ ይህች ከተማ ስትቆረቆር ምክንያቷ ውሃ መሆኑ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሏት ፍልውሃን ወደው ነው። በኋላ ሕዝቡ ሲበዛ ገፈርሳ ተገደበ፣ በ1960ዎቹ መባቻ ለገዳዲ ተጨመረ፣ ከዚያ ድሬ፣ ከዚያ የአቃቂ ጉድጓዶች። የለገዳዲው ከሰንዳፋ በኩል፣ በኛ በምሥራቁ አቅጣጫ ነው የሚመጣው። በኬሚካል ታክሞ፣ ተጣርቶ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ቧንቧ ተሻግሮ ይደርስና ከቤቴ ማዶ ላቫጆ ውስጥ ፕራዶ ይታጠብበታል። የሚጠጣ ውሃ መሆኑን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እኔ በጆግ የምታጠበው ሰውዬ፣ ፕራዶው በጎማ ሲጠጣ ቆሜ አያለሁ።

ከሁሉ የሚብሰውን በሹክሹክታ ልናገረው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል፤ ወረፋውም ክፍያውም አለ። ብልጦቹ ታዲያ ክረምትን ይጠብቃሉ። ኃይለኛ ዝናብ የወረደ ሌሊት የጉድጓዱን አፍ ወደ ጎርፍ ቱቦው ከፈት ያደርጉታል። ጠዋት ሰፈሩ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል፤ ያደረገው ሰውም ከሁሉ በላይ አፍንጫውን ይይዛል። ቃሊቲ ላይ ያለው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ እንዲያስተናግድ ተስፋፍቷል፤ የብዙዎቻችን ቤት ግን ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም።

ሄደ ብለን የምንገላገለውም አልሄደም። ቱቦው ቡልቡላ ወንዝ ይገባል፣ ቡልቡላ ትልቁን አቃቂ ይቀላቀላል። አቃቂ ዳር ሰላጣና ቆስጣ በዚያው ውሃ ይለማል፣ በማለዳ ተጭኖ ገበያችን ይገባል። የለቀቀው ሰው ቅዳሜ ለእንግዶቹ ሰላጣ ያቀርባል። ተራፊው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዳማ ደግሞ ከአዋሽ አጣርቶ ይጠጣል። የአዳማ ዘመዶቼ ለበዓል ሲመጡ ዓይናቸውን ማየት አፍራለሁ።

ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ማጉረምረም ውሃ አይቀዳም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ለጎረቤቴ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ልጄ፣ ፓምፕህን አልጠላሁትም፤ ቦታው ነው የከፋው። ከመስመሩ ንቀለው። ግቢህ ውስጥ መሬት ላይ አንድ ታንከር አስቀምጥ፣ መስመሩ በራሱ ግፊት ቀስ ብሎ ይሙላት፣ ከዚያች ታንከር ወደ አራቱም ሮቶህ በፈለግኸው ጉልበት ሳብ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የቧንቧ ሠራተኛውን ሂሳብ ከጡረታዬ እኔ እከፍላለሁ፤ ቡናም በኛ በኩል ነው፣ ውሃ ከመጣች።