የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?

የወላጅ ስብሰባ አጀንዳው የክፍያ ጭማሪ ከሆነ አዳራሹ ጢም ይላል። ስለ ዩኒፎርሙ ቀለም፣ ስለ ሰርቪሱ መዘግየት፣ ስለ ሻይ ክበቡ ሳምቡሳ የማይናገር የለም። ርዕሰ መምህሩ «በኮምፒውተር ትምህርቱስ ላይ አስተያየት አለ?» ሲሉ ግን ሁሉም ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ አንዲት እናት ከኋላ ይነሡና «ልጄ ስልክ ላይ አፍጥጦ መከራዬን አብልቶኛል፤ እባካችሁ ምከሩልኝ» ይላሉ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ። የቴክኖሎጂው አጀንዳ በዚሁ ይዘጋል።

ለኮምፒውተር ደንታ የለንም እንዳይባል፣ በምዝገባ ሰሞን ትምህርት ቤት ስናማርጥ መጀመሪያ አሳዩን የምንለው «ላቡን» ነው። ጫማችንን አውልቀን እንገባለን፤ ጨርቅ የለበሱትን ማሽኖች እንቆጥራለን፤ ረክተን እንወጣለን። ይበራሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ ዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው። ልጃችን ሴሚስተሩን ሙሉ ማውስን ደብተሯ ላይ ትሥላለች፤ ከነገመዱ። ካርዷ ላይ ለአይሲቲ 97 ሲመጣ ፎቶው ለዘመድ አዝማድ ይላካል።

ማሽን ማየትን ከመማር ጋር ማምታታት የቆየ አመላችን ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ «ልጄ በፕላዝማ ነው የሚማረው» ማለት ክብር ነበር። የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ እየፈጠኑ ሲያልፉ፣ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ሲጠፋ፣ ልጁ ምን ያዘ ብለን ግን አልጠየቅንም። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በትብብር የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ነፃ የኦንላይን ሥልጠና ሲጀመር ደግሞ ዓይናችን ሰርተፍኬቱ ላይ ዐረፈ። ታላቅ ወንድም ኮርሱን ይጨርሳል፤ አባት ሰርተፍኬቱን ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፤ ስሙ የተጻፈበት ልጅ ኳስ ሜዳ ነው።

የሚያስቀው፣ ትምህርቱ ያለ ማሽንም መጀመር መቻሉ ነው። በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የኮምፒውተር ሳይንስን ያለ ኮምፒውተር የሚያስተምሩበት ዘዴ አላቸው። የሚያስፈልገው 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ነጥብ ያለባቸው አምስት ካርዶች ነው። ልጆቹ ካርዶቹን እየገለጡና እየከደኑ ከ0 እስከ 31 ያለውን ቁጥር ሁሉ ያወጣሉ፤ ማሽኑም በውስጡ የሚቆጥረው በዚሁ መንገድ ነው። ኮምፒውተር ላለው ደግሞ ከኤምአይቲ የወጣው ስክራች አለ፤ ልጆች ትእዛዞችን እየገጣጠሙ ጨዋታ የሚሠሩበት፣ በነፃ የሚገኝ፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ በአማርኛም የሚከፈት። ስለዚህ «ኮምፒውተር የለንም» ሰበብ አይሆንም፤ «ኮምፒውተር አለን»ም መልስ አይሆንም።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከሳምቡሳው በፊት፣ እነዚህ ይነሡ። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ የልጆቹ እጅ ኪቦርድ ይነካል? አንድ ማሽን ለስንት ልጅ ነው? የአይሲቲ መምህሩ ያስተምራሉ ወይስ ፈተና ሲተይቡና ፕሪንተር ሲጠግኑ ይውላሉ? ልጆቹ ዘንድሮ ምን ሠሩ? አንድ ወላጅ ብቻውን ሲጠይቅ «አስቸጋሪ ወላጅ» ይባላል፤ በወላጅ ኮሚቴ በኩል ሃያ ሆነው ሲጠይቁ አጀንዳ ይሆናል፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ከሰፈረ ደግሞ ቁልፉም ከዓመት ፈቃድ ይመለሳል።

ከዚያ የሚቀረው የቤታችን ጣጣ ነው። ልጅቷ በራሷ የሠራችውን ጨዋታ ለአባቷ ልታሳይ ስትሮጥ፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ! በይ አሁን እሱን ዝጊና አይሲቲሽን አጥኚ» እንዳይላት።