ዲስኩ እንዳይሰማ

ወዳጄ፣ ወሎ፣ መካነ ሰላም ያለውን ስቶሬጅዎን አዲስ አበባ ካለ ስቶሬጅ ጋር ላገናኝ ብለው ከተነሱ አልከለክልዎትም። ታሪክም ከእርስዎ ጋር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት መቅደላ ላይ ተከማችተው ሳለ፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያዘና 350 ያህሉ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ ማኖር ምን እንደሚጠቅም ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት ድፍረት ነው።

በቅድሚያ ግን ስቶሬጅ እንዳለዎት ያረጋግጡ። በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ የሚኖረው ሃርድ ዲስክ ይህ ምክር አይመለከተውም፤ ለእሱ የመሳቢያው ቁልፍ ይበቃዋል።

ስቶሬጅ የሚነጋገርበት ቋንቋ፣ ፋይበር ቻናል፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተሞላቆ ያደገ ነው። ተቀባዩ «ቦታ አለኝ» ሳይለው ፍሬም (የዳታ ጥቅል) አይልክም፤ የላከውም ይጠፋል ብሎ አያስብም። የረጅሙ መንገድ ቋንቋ፣ አይፒ፣ ደግሞ የጠፋው ይጥፋ ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አርኤፍሲ 3821 ተብሎ የወጣው ኤፍሲአይፒ ሁለቱን ያስታረቀው በብልሃት ነው፦ ፍሬሙን እንዳለ ቲሲፒ ውስጥ ይሸሽገዋል፤ መንገድ ላይ የቀረ ካለ ቲሲፒ ደግሞ ይልካል። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ስዊቾች ጎን ለጎን የተቀመጡ ይመስላቸዋል። እውነቱን ማንም እንዳይነግራቸው።

ሙሉ የፋይበር ቻናል ፍሬም 2148 ባይት ነው፤ የተለመደው ኤተርኔት የሚሸከመው 1500 ነው። ሻጩ «መንገዱ በሙሉ ከዚያ የሚበልጥ ጃምቦ ፍሬም ያሳልፋል» ብሎ ሲምልልዎ፣ በትልቅ ፒንግ ደግመው ያስምሉት።

አሁን ወደ ርቀቱ። ለአሞራ ከመካነ ሰላም አዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ፋይበር ግን አሞራ አይደለም፤ በደሴ ከዞረ ወደ 600 ይጠጋል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 6 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ኢምንት ነው እንዳይሉ፤ ንግግሩን ያድምጡ። «ልጽፍ ነው» ይላል መካነ ሰላም። «ይሁን፣ ላከው» ይላል አዲስ አበባ። ዳታው ይሄዳል። «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይመጣል። ሁለት ደርሶ መልስ፣ 12 ሚሊሰከንድ! ሰላምታው ከጉዳዩ ቢረዝም የወሎ ሰው አይደንቀውም፤ ዳታቤዝ ግን እንደ ወሎ ሰው አይታገስም። መላው ራይት አክሰለሬሽን ይባላል፦ እዚሁ ያለው መሣሪያ አዲስ አበባን መስሎ «ይሁን፣ ላከው» ይላል። ይቺን ውሸት ይፍቀዱለት። «ደርሶኛል»ን ግን ከዋሸ ያባሩት።

አሁንም ከዘገየ አሲንክሮነስ ያድርጉት። እዚህ ወዲያው ይጻፋል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ይደርሳል፤ አደጋ ቢመጣ የሚጠፋው የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሥራ ነው። ስንት ደቂቃ ቢጠፋ እንደሚፈቀድ ኃላፊውን አስቀድመው ያስፈርሟቸው። «ዜሮ» ብለው ከፈረሙ በጀቱንም በዚያው ያስፈርሙ። ቅጂውን ቅርብ ላኑር ካሉ፣ ለመካነ ሰላም ከአዲስ አበባ ይልቅ ቱሉ አውሊያ ትቀርባለች፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በመካነ ሰላምም በቱሉ አውሊያም ግቢ አለው። ነገር ግን አንድ የመብራት መቋረጥ ሁለቱን ቅጂዎች አብሮ ካጨለማቸው፣ ቅርበቱ ምን ጠቀመ?

የመጀመሪያውን ቅጂ በመስመሩ አይላኩ። አሥር ቴራባይት በ100 ሜጋቢት፣ አንዴም ሳይቋረጥ፣ ከ9 ቀን በላይ ይወስዳል። ኢንክሪፕት አድርገው በሚታመን ሰው እጅ በአውቶቡስ ይላኩት፤ ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ቢል እሺ እንዳይሉ። ከዚያ ወዲያ የተለወጠው ብቻ በመስመሩ ይጓዛል።

መስመሩም ይቋረጣል። ዶዘር ይቆርጠዋል፣ መብራት ይጠፋል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ መክረሙንም አልረሱትም። ሁለቱን የስቶሬጅ ኔትወርኮች አዋህደዋቸው ከሆነ መስመሩ በጠፋና በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይደራደራሉ፤ የአዲስ አበባው ጣጣ የመካነ ሰላሙን ዲስክ ያንገዳግዳል። በመካከላቸው ራውቲንግ ያስገቡ፦ ዳታ ይለፍ፣ ጠብ አይለፍ።

ሁሉም ሲያልቅ፣ አንድ ማታ ገመዱን ራስዎ ነቅለው አዲስ አበባ ባለው ቅጂ ሥራ ያስጀምሩ። ለዚህ ሙከራ ደመወዝ የሚከፈልበትን ሳምንት እንዳይመርጡ።