ጉልበቱን ማን ወሰደው?

አማርኛ የጉልበትን አሟሟት በመከታተል የሚያህለው የለም። ክንድ ይዝላል፤ ሰውነት ይመነምናል፤ ድምፅ ይሰልላል፤ ቡቃያ ይጠወልጋል፤ ጎተራ ይሟጠጣል፤ ላምና ምንጭ ይነጥፋሉ፤ አፈር ይሸረሸራል። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ገሳይ ላይ ወርዳችሁ አንዱን ገበሬ ስለ ላሙ ብትጠይቁት «ነጥፋለች» ይላችኋል እንጂ «የወተት አቅም ውስንነት አጋጥሟታል» አይልም። ቢል ጎረቤቶቹ ጠበል ይወስዱታል። ቢሮ የገባው አማርኛ ግን ይህን ሁሉ ግሥ በር ላይ ለጥበቃው አስረክቦ፣ ከላይ እስከ ታች «የአቅም ውስንነት» በምትባል አንዲት ሐረግ ይኖራል። ውኃ ሲጠፋ እሷ ናት፤ መንገድ ሲፈርስ እሷ ናት፤ ስብሰባው በሰዓቱ ሳይጀመር ቢቀርም እሷው ናት። ጠበል የሚወስዳት ግን አልተገኘም።

ክሴ ሐረጓ አስቀያሚ ናት የሚል አይደለም፤ አስቀያሚ ቃል እንኳ ከሠራ ይመሰገናል። ክሴ ያለፈውን ታጠፋለች ነው። የጥንቶቹ ግሦች ሁሉ የነበረውን ያስታውሳሉ። ምንጩ ነጠፈ ከተባለ ይፈልቅ ነበር ማለት ነው፤ ጎተራው ተሟጠጠ ከተባለ አንድ ቀን ሞልቶ ነበር። ስለዚህ የሰማ ሁሉ ሳይፈልግም «ከመቼ ወዲህ? ማን ጨረሰው?» ብሎ ይጠይቃል። «ውስንነት» ግን ከጥንትም እንዲሁ ነበርሁ ባይ ናት። ጥፋተኛ ካስፈለገ ፈጣሪ ብቻ ይቀራል፤ እሱን ደግሞ በግምገማ አይጠሩትም።

ደብረ ታቦር ለዚህ ጥሩ ምስክር አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ከከተማዋ የተነሡት በ1860 ዓ.ም. በመስከረም ማብቂያ ነው። መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ከፊቱ ድንጋይ እየተፈለጠ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነበር። የጂዳንና የበሽሎን ገደል በገመድ እየሳበ ወርዶ የወጣ ክንድ በእርግጥ ዝሏል፤ ያዛለውም ገደሉ ነው። ሠራዊቱ ግን አልዛለም፣ መንምኗል። ያመነመነው ጉዞው ሳይሆን ክዳቱ ነው፤ ክዳቱንም የወለዱት ረኀቡና የንጉሡ ቅጣት ናቸው። የበጌምድር ጎተራ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ያሟጠጠው የራሱ የንጉሡ ጦር ዘረፋ ነበር። ያቺ ጎንደር እንኳ የተቃጠለችው በ1859 በእሳቸው ትእዛዝ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከ13 ሺህ ወታደርና ከ44 ዝሆን ጋር ባሕር ተሻግሮ በስቅለት ዕለት አሮጌ ሜዳ ላይ የገጠመው ያን ሁሉ የጨረሰ ኃይል ነው። ቴዎድሮስም በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ራሳቸውን ሠዉ። ሦስት ግሥ፣ ሦስት ጥፋተኛ። እንግዲህ በዚያ ሰፈር አንድ የዕቅድ ባለሙያ ነበር እንበል። «በመልክዐ ምድሩ አስቸጋሪነትና በሰው ኃይል ውስንነት ምክንያት የመድፍ ማጓጓዝ ዕቅዱ በተያዘለት ጊዜ አልተጠናቀቀም» ብሎ ይጽፍ ነበር። አንዲት የሐሰት ቃል የለበትም። ግን በዚህ ሪፖርት ማንም አልከዳም፤ ማንም አልዘረፈም፤ ማንም አልተራበም።

«ሪፖርት እኮ ወግ አይደለም፤ ላምና ጎተራ እዚያ ምን ይሠራሉ? የቢሮ ቋንቋ ወጥና ጨዋ መሆን አለበት» የሚል ይኖራል። ወጥነቱን እቀበላለሁ። ነገር ግን ቢሮው ራሱ፣ ሳይታወቀው፣ ከገበሬው አንድ ግሥ ወስዶ ሲጠቀምበት ምን እንዳተረፈ ጉና ተራራ ላይ ይታያል። ባለሙያዎቻችን «የአፈር መሸርሸር» ይላሉ። መሸርሸር የሚሸረሽርና የሚሸረሸር ስለሚፈልግ፣ አፈሩ ከየት ተነሥቶ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ አብሮ መጣ፤ ርብና ጉማራ ከጉና ጠርገው ፎገራና ጣና ላይ እንደሚያራግፉት ታወቀ፤ ገበሬውም እርከን ሠራ፣ ክትር ሠራ። ያኔ «የአፈር ውስንነት» ብለውት ቢሆን ኖሮ ለአፈር ግዥ በጀት ይጠየቅ ነበር። ጨዋነቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ጨዋነቱ ለማን እንደሆነ ማየት ነው፤ ለጨረሰው እንጂ ላለቀበት አይደለም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ከመጀመሪያውም ምንም ያልነበረው መሥሪያ ቤት አለ፤ ያልሞላ እንዴት ይነጥፋል? እውነት ነው፤ ሐኪም ተመድቦለት የማያውቅ ጤና ጣቢያ «ሐኪሙ መነመነብኝ» ሊል አይችልም። ለዚህም ቢሆን ግን ውስንነት አታስፈልግም። ውስንነት ትንሽ አለን ማለት ናት፤ ምንም በሌለበት ስትገባ ለባዶው ሸማ ታለብሰዋለች። ስለዚህ ሪፖርት የምትጽፉ ወገኖቼ፣ አምና የነበረው ዘንድሮ ከሌለ አለቀ በሉና የጨረሰውን ጥቀሱ። ኖሮ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ «የለንም» በሉ፤ አራት ፊደል ብቻ ነው።