ለየብቻቸው መልአክ

ኮሎራዶ ውስጥ የሐበሻ ሰርግ ቪዲዮ ሦስት ዓይነት ተመልካች አለው፤ ኦሮራ ያለው ዘመድ፣ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ፣ እና «እኔ ለምን አልታየሁም?» የሚለው ዘመድ። ኤዲተር ሦስቱንም ማስደሰት አለበት። ስለዚህ ቶርንተን ቤዝመንቴ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ኖይዝ የሚያጠፋ፣ ፊት የሚያጠራ፣ ጽጌረዳ የሚበትን፣ ጭፈራውን በስሎው ሞሽን የሚያንሳፍፍ ፕለጊን ሁሉ ተጭኖበታል።

ፕለጊን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዋናው ሶፍትዌር ሚሞሪ ውስጥ ነው። አንዱ የማይመለከተው ቦታ ገብቶ ከጻፈ ሶፍትዌሩ እንዳለ ይዘጋል፤ ያውም ሙሽራዋ ኬክ ልትቆርስ ስትል። ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ስምም ብዙ ጊዜ የጥፋተኛው ሳይሆን በሰዓቱ እዚያ የተገኘው ምስኪን ነው።

የታወቀው ዘዴ ማካፈል ነው። 32 ፕለጊን ካለህ 16ቱን ታወጣለህ። ከተስተካከለ ጥፋተኛው ከወጡት ውስጥ ነው፤ እንደገና ታካፍላለህ። በ5 ሙከራ ይያዛል። ይህ ግን ጥፋተኛው አንድ ሲሆን ነው። ጠቡ የሁለት ከሆነ፣ ስታካፍላቸው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይሄዳል፤ ይኼኛውም ግማሽ ይሠራል፣ ያኛውም ይሠራል። ሽማግሌ ባልና ሚስትን ለየብቻ ሲያነጋግር የሚገጥመው ይኸው ነው፤ ሁለቱም መልአክ ናቸው። ስለዚህ አንዱን ግማሽ እንዳለ ትተህ ሌላውን ጥቂት ጥቂት እየመለስክ ማየት ነው።

የእኔዎቹ ጠበኞች ኖይዝ አጥፊውና ስሎው ሞሽኑ ሆነው ተገኙ። አንደኛው ፍሬሙን ለማጥራት የፊቱንና የኋላውን ፍሬም አምጣ ይላል። ሁለተኛው ያልተቀረጸ ፍሬም ለመፍጠር ግራና ቀኙን አምጣ ይላል። አንድ የ4ኬ ፍሬም በ32 ቢት ሲዘረጋ 130 ሜጋባይት ያልፋል፤ በሴኮንድ 30 ፍሬም ከሆነ የአንድ ሴኮንድ እስክስታ 4 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ አምጣ ሲሉት የእኔ ግራፊክስ ካርድ እንዴት ይችለዋል?

ለሁለቱም አምራቾች ጻፍኩ። ሁለቱም በታላቅ ትሕትና «ጥፋቱ የእነዚያ ነው» አሉኝ። አንዱ ጨምሮ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንዳበራ መከረኝ። ለዚህ ለዚህማ ልጄም አለች።

ሁለቱን ፕለጊኖች ማስታረቅ አይቻልም፤ አለማገናኘት ነው። መጀመሪያ በኖይዝ አጥፊው ብቻ ሬንደር አድርጎ አዲስ ፋይል ማውጣት፣ ከዚያ እርሱን ዘግቶ በአዲሱ ፋይል ላይ ስሎው ሞሽኑን መጫን። ሌሊቱን ይፈጃል፣ ሃርድ ዲስክ ይበላል፣ ግን ይሠራል።

የሙሽራዋ እናት ከኦሮራ መጥተው ተመለከቱት።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጎተቱት? ደክሟቸው ነው?»

«አይ እትዬ፣ ኢፌክት ነው።»

«በል አንሣልኝ። ይልቅስ እህቴ የታለች?»

አነሣሁት። እህትየዋንም ቡፌው ጋ፣ ጭልፋ እንደያዙ አገኘኋቸውና ረዘም አድርጌ አስገባኋቸው። ሶፍትዌሩ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም። በዚህ ሰመር ዴንቨርም ኦሮራም ሰርግ ያላችሁ፦ ስሎው ሞሽን አለ፤ ሒሳቡ ግን ለብቻው ነው።