ከ«ሁሉንም ከልክል» በታች

ከደሴ ተነስቶ ጉጉፍቱን የሚያቋርጥ መኪና ውስጥ የተሳፈረ ሰው «መስኮቱን ዝጋልን» ሳይል አቀስታ አይገባም። የለጋምቦን ብርድ ገብሱና በጉ ለምደውታል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል። እኔም ተከናንቤ የወጣሁት የአክስቴ ልጅ ደጋግሞ ስለደወለልኝ ነው። አቀስታ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሎቹን የሚይዘው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ መስመሩ አለ። አሮጌው ክፍል እንደ ወትሮው ይሠራል። አዲሱ ክፍል ግን አንድ ገጽ እንኳ አልከፍት አለ። የልጆቹ ፈተና ደግሞ ደረሰ» አለኝ።

«አብሽር፣ እመጣለሁ» አልኩት።

ነገሩ የፕሮክሲ ነበር። ፕሮክሲ ሰርቨር በኮምፒውተሮቹና በኢንተርኔቱ መካከል ቆሞ የተጠየቀውን ገጽ ስለ እነሱ ሆኖ የሚያመጣ ፕሮግራም ነው። አንድ ቀጭን መስመር ለብዙ ተማሪ በሚካፈልበት ቦታ ትልቅ ረዳት ነው፤ አንዱ ያወረደውን ቅጂ አስቀርቶ ለሌላው ይሰጣል፣ ማን ወዴት መግባት እንደሚችልም ይወስናል። ዛሬ አብዛኛው ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ተመስጥሮ ስለሚመጣ የቅጂው ጥቅም ቀንሷል፤ የፈቃዱ ሥራ ግን እንዳለ ነው። ትምህርት ቤቱ የጫነው ስኩዊድን ነው። ስኩዊድ ሃርቨስት ከተባለ የምርምር ፕሮጀክት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1996 በዱዌን ዌሰልስ የተጀመረ ነጻ ፕሮግራም ነው። ዋጋ ስለማይጠየቅበት እንዲህ ላለ ትምህርት ቤት ምርጥ ነው፤ እኔም ከልቤ የማመሰግነው ሥራ ነው። ሙሉ ማብራሪያ የያዘው የኮንፊግ ፋይሉ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች አሉት።

የአክስቴ ልጅ ገና ሳልቀመጥ የደረሰበትን ሁሉ ዘረዘረልኝ። የአዲሱ ክፍል ኮምፒውተሮች ሲከፈቱ የሚያሳዩት ገጽ «የፈቃድ ደንቡ ጥያቄህን አግዷል፤ ስህተት ከመሰለህ አገልግሎት ሰጪህን አነጋግር» የሚል ነው። እሱም እንደታዘዘው መስመር ወደሚያስገባው ድርጅት ሄደ፤ ተሰልፎ ጠየቀ፤ መስመሩ ደህና መሆኑን ነግረው ሸኙት። ተመልሶ ኬብል ቀየረ፤ ስዊች አጥፍቶ አበራ። ደሴ ያለ ጓደኛው ቫይረስ ይሆናል ስላለው ከኮምፒውተሮቹ አንዱን ከነጭራሹ ፎርማት አደረገው። ያ ሁሉ ድካም የመጣው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያገደው ፕሮክሲው ራሱ ሆኖ ሳለ ገጹ ሰውየውን ወደ ሌላ ደጅ ሰደደው።

ፋይሉን አብረን ከፈትን። የአዲሱን ክፍል አድራሻ፣ 192.168.20.0/24፣ በትክክል ጽፎታል፤ «ፍቀድ» የሚለውንም መስመር አንድ ፊደል ሳይስት ጨምሯል። የጨመረው ግን አዲስ ነገር የሚጨመርበት ቦታ ነው ብሎ በፋይሉ መጨረሻ ነበር፤ ከሱ በላይ «ሁሉንም ከልክል» የሚል መስመር ተቀምጧል። ስኩዊድ የፈቃድ መስመሮችን የሚያነበው ስም ዝርዝር እንደያዘ የበር ዘበኛ ነው፦ ከላይ ይጀምራል፣ መጀመሪያ በገጠመው ደንብ ይወስናል፣ የቀረውን አያይም። «ሁሉንም ከልክል» ሁሉንም ይገጥማል። ስለዚህ ከሱ በታች የተጻፈ ፈቃድ ተጻፈም አልተጻፈም አንድ ነው።

«ግን እኮ ፋይሉን አስፈትሼዋለሁ፤ ምንም ስህተት አላገኘም» አለኝ ልጁ። እውነቱን ነው። ስኩዊድ ፋይሉን የሚፈትሽበት ትእዛዝ አለው፤ የሚያየው ግን የአጻጻፍ ሕጉን እንጂ መስመሩ ይሠራ እንደሆነ አይደለም። የመዝገብ ፋይሉም መከልከሉንና 403 የሚለውን ቁጥር ይጽፋል፤ በየትኛው መስመር እንደተከለከለ አይጽፍም። ያንን ለማወቅ የምርመራ መዝገብ ማብራት ያስፈልጋል፤ እሱን ለማብራት ደግሞ የፈቃድ ጉዳይ የሚመዘገበው በክፍል 28 መሆኑን ቀድሞ ማወቅ ያሻል። አቀስታ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ወጣት 28ን ከየት ያምጣው?

መስመሩን ወደ ላይ አንስተን ፕሮግራሙ ፋይሉን ዳግመኛ እንዲያነብ አዘዝነው። ገጹ ተከፈተ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሰርቨሩ መንፏቀቅ ጀመረ። ለካ ከዓመታት በፊት የጫነው ባለሙያ «ካሽ ሜም» በተባለው ምርጫ ላይ የማሽኑን 4 ጊጋባይት ራም ከሞላ ጎደል በሙሉ ሰጥቶት ኖሯል። ስሙን ያነበበ ሰው ፕሮግራሙ የሚጠቀመው ራም ሁሉ ይህ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ምርጫው የሚወስነው ግን በራም ውስጥ ለሚቀመጡ ቅጂዎች የሚሆነውን ብቻ ነው። በዲስክ ላይ ለተከማቸ ለእያንዳንዱ ጊጋባይት ቅጂ ማውጫ 10 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ራም ለብቻው ይሄዳል፤ ሌላም ወጪ አለ። አሮጌው ክፍል ብቻ ሲጠቀም እንደምንም ይበቃ የነበረው ራም አዲሱ ሲጨመር አለቀ፤ ማሽኑም ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ጀመረ። ቁጥሩን ወደ 256 ሜጋባይት፣ ማለትም ስኩዊድ ራሱ ይዞት ወደሚመጣው መጠን፣ ስንመልሰው ተረጋጋ።

ማታ ቡና እየጠጣን የባሰውን ነገርኩት። ከፈቃድ መስመሮቹ አንዱም ካልገጠመ ስኩዊድ የሚወስነው የመጨረሻው መስመር ተቃራኒውን ነው። የመጨረሻው መስመር አንድን ክፍል የሚከለክል ከሆነ፣ በዝርዝሩ ያልተነሳ ሁሉ ይፈቀድለታል። «ሁሉንም ከልክል» በመጨረሻ እንዲቀመጥ የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ልጁ ስኒውን አስቀምጦ «እንዲህ ያለው ደንብ የት ነው የተጻፈው?» አለ። ተጽፏል፤ ከሺዎቹ መስመሮች መካከል።

ይህ ችግር የስኩዊድ ብቻ አይደለም። አፓቺ የተባለው ዌብ ሰርቨርም ለዓመታት የፍቀድና የከልክል ቅደም ተከተሉ በሌላ መስመር የሚወሰን፣ ባለሙያዎችን ሲያደናግር የኖረ ደንብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 2.4 እትሙ ግን በቦታው «ይህ ይሟላ» የሚል ቀጥተኛ ምርጫ አመጣ። እንግዲህ ማስተካከል ይቻላል ማለት ነው።

እኔ የምለው ይኸው ነው። የኮንፊግ ምርጫ የሚሠራ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር እየተነጋገረ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ የለም። ስለዚህ ስሙ የሚወስነውን ነገር ልክ ይናገር። ፈጽሞ ሊደረስበት የማይችል መስመር ሲገኝ ፕሮግራሙ ያስጠንቅቅ፤ ይህን ማወቅ ለኮምፒውተር ምንም አይከብድም። ሲከለክል በስንተኛው መስመር እንደከለከለ ለባለሙያው ይንገር። ዝም የተባለ ነገር ሁልጊዜ ወደ ክልከላ ያድላ እንጂ በመጨረሻው መስመር አይገለባበጥ።

መካነ ሰላም ካምፓስ ባለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ወጣቶች ነገ የክሊኒክ፣ የወረዳና የትምህርት ቤት ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው። ሥራቸውን ከማስረከባቸው በፊት ፋይሉን ለአንድ የገጠር ባለሙያ ሰጥተው፣ አፋቸውን ዘግተው፣ የት ላይ እንደሚቆም ይዩ። የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ከ«ሁሉንም ከልክል» በላይ ባለው ባዶ መስመር ላይ በአማርኛ «አዲስ ፈቃድ ከዚህ በላይ ይጻፍ» ብሎ ማስታወሻ አኖረ። ከሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ያሰበውን ይህን ያህል፣ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ቀድመው ሊያስቡለት ይገባ ነበር።