በሦስት ፌዝ ሞተርና በሽቦ መካከል ስላለው ግንኙነት የወጣ አዋጅ

ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ፤ መስሚያ ይንሳው የወፍራም ሽቦን ጠላት!

እኛ በገሱባ በየእንጨት ቤቱ፣ በየወፍጮ ቤቱና በየብየዳ ቤቱ የምንሽከረከር ሞተሮች፤ ከወላይታ ሶዶ በ500 ኪሎ ቮልት ተነስቶ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ በሰላም የሚገባ ኤሌክትሪክ እዚህ ከቆጣሪ እስከ መጋዝ ያለችውን 30 ሜትር መዝለቅ አቅቶት ሽቦ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ሲቀር በማየታችን፤ ለጊፋታ በዓል በሬ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥብ አባወራ ለእኛ ሲሆን «የአምፖል ሽቦ ይበቃል» ማለቱ ስላስመረረን፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ሽቦ የሚመረጠው በባለሱቁ ምክር ሳይሆን በሞተሩ ታርጋ ነው። ባለ 7.5 ኪሎ ዋት ሞተር በ380 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። በቀጥታ ሲነሳ ግን ለጥቂት ሰከንድ ስድስት ሰባት እጥፍ ይጠይቃል፤ ቀጭን ሽቦ ያኔ ቮልቴጁን ይበላል፣ እኛም ቆመን እናጉረመርማለን። ስለዚህ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ተከልክሏል። ባለ 2.5 መዳብ ለቅርብ፣ ባለ 4 ለራቀ ሞተር ተፈቅዷል።

አንቀጽ 2፤ በስታር ዴልታ የሚነሳ ሞተር ከመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ስድስት ሽቦ ይፈልጋል፤ ሰባተኛው አረንጓዴ ቢጫው የመሬት ሽቦ ነው። ሦስት ብቻ ስቦ «ስታር ዴልታ ነው» ያለ ባለሙያ በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃል። ሰባተኛውን «ትርፍ ነው» ብሎ የቆረጠ፣ ሞተሩን በባዶ እጁ እንዲነካ አይፈረድበትም፤ እኛ ጨካኞች አይደለንም።

አንቀጽ 3፤ ሁለት ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል መቀጠል ሳይሆን መገነዝ ነው። የላላ ግንኙነት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይብስ ይላላል። ናስትሮው መጀመሪያ ያብረቀርቃል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ከዚያ አንዱ ፌዝ ይጠፋል። ሞተሩ በቀሩት ሁለቱ እየተጎተተ ቫርኒሹ ሲሸት፣ ባለቤቱ «ጎረቤት ጎማ እያቃጠለ ነው» ይላል። ኦቨርሎዱ ደጋግሞ ሲጥል ምክንያቱን መፈለግ ግዴታ ነው፤ የኦቨርሎዱን ቁጥር ከታርጋው አምፔር በላይ ማውጣት ወንጀል ነው።

አንቀጽ 4፤ መጋዙ ወደ ኋላ ከዞረ ሞተሩን መሳደብ ክልክል ነው። ሁለት ፌዝ ማለዋወጥ ይበቃል።

አንቀጽ 5፤ «ሲሠራ ኖሯል» የሚለው ልማዳዊ ሕግ ተሽሯል።

ይህ አዋጅ ብሬከሩ ወርዶ፣ ሦስቱም ፌዝ በቴስተር ተፈትሸው ኃይል አለመኖሩ ከተረጋገጠበት ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ከዚያ በፊት ሣጥኑን የከፈትክ ሰው፣ እጅህን አንሳ።