ዋንጫውን አደራ እንዳታመጡብን

ለቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የበረዶ ሆኪ ቡድን ባለቤቶች፣ አሰልጣኞችና ተጫዋቾች፤ አደራችሁን፣ ያንን ስታንሊ የሚሉትን ዋንጫ ይዛችሁብን እንዳትመጡ። ልታመጡ አስባችሁ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀው ታሪካችሁ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ሰው ናችሁና ትሳሳታላችሁ። በፈረንጆቹ 2025 የጸደይ ወራት ደግሞ ልትሳሳቱ ጫፍ ደርሳችሁ ልባችንን ሰቅላችሁት ከርማችኋል። ስለዚህ ነገሩ ሳይውል ሳያድር እግራችሁ ላይ ወድቀን ልንማጸን ተነስተናል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ወገን ባጭሩ፦ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ 32 ቡድኖች በጋውን ሙሉ እያንዳንዳቸው ከ80 ጊዜ በላይ ይጫወታሉ። ይህ ሁሉ ግን ማሟሟቂያ ነው። ሚያዝያ ላይ 16ቱ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። አንዱ ሌላውን ለመጣል አራት ጊዜ ማሸነፍ አለበት፤ ሦስት ለሦስት ከሆኑ ሰባተኛዋ ጨዋታ ትለያቸዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዙር ያለፈው ዋንጫውን ይወስዳል። ሰባተኛዋን ጨዋታ ልብ በሉልኝ፤ ጉዳችን ያለው እሷ ዘንድ ነው።

ሊፍስ ዋንጫውን 13 ጊዜ አንስተዋል። የመጨረሻው በ1967 ሞንትሪያልን አሸንፈው ያነሱት ሲሆን በኛ አቆጣጠር 1959 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው ጸደይ ጃንሆይ ኤክስፖ 67 የተባለውን ዓለም አቀፍ ትርዒት ሊጎበኙ ካናዳ መጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ መጣ፤ ደርግ ሄደ፤ ኢሕአዴግ መጣ፤ እሱም ከሰመ። ሊፍስ ግን እነሆ እስከ ዛሬ ቡድን በመገንባት ላይ ናቸው። ያኔ በሊጉ ስድስት ቡድኖች ብቻ ስለነበሩ ዋንጫ ማንሳት እንደ ዕቁብ ተራ ይደርስ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ። አትስሟቸው።

ወደ 2025 ልመለስ። ቡድናችን መደበኛውን ውድድር በ108 ነጥብ የምድቡ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ይሄ ብቻውን የሚያስደነግጥ ነው። ጥሎ ማለፉ ደግሞ ልክ በፋሲካ ዕለት ጀመረልን። የዚያን ዓመት የእኛም የፈረንጆቹም ትንሣኤ በአንድ ቀን ስለዋለ፣ ቶሮንቶ ያለ ሐበሻ ዶሮውን ከፊቱ፣ ቴሌቪዥኑን ከዶሮው በላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሊፍስ ኦታዋን 6 ለ2 ገረፉት። ሁለተኛውንም አሸነፉ። ሦስተኛውንም። ሦስት ለባዶ! የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ መኪናቸው ላይ ባንዲራ የሰቀሉ ሰዎች መታየት ሲጀምሩ አስተዋዮቹ በየቤታችን ተሰብስበን «ኧረ ይሄ ነገር ወዴት እየሄደ ነው?» ተባባልን።

እግዜር ይስጣቸው፣ አላሳፈሩንም። ቀጥለው ሁለቱን ተሸነፉና ነፍሳችን ተመለሰች። ስድስተኛውን ግን በስንት መከራ አሸንፈው አለፉ፤ እንግዲህ ሰው መቼም ሁሉን በአንዴ አይችልም። ቀጣዩ ተጋጣሚ የወቅቱ ባለዋንጫ ፍሎሪዳ ነበር። ፍሎሪዳ ማለት በረዶን ከመጠጥ ብርጭቆ ውጭ አይቶ የማያውቅ አገር ነው። ሊፍስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸንፈው ሁለት ለባዶ መሩ። በዚህች ምሽት ከተማው የገባበትን ጭንቀት ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የጥበብ ሥራ ነው፦ ሦስቱን በተከታታይ ተሸነፉ፤ ከሦስቱም አንዱን በገዛ ሜዳቸው 6 ለ1። ስድስተኛውን ፍሎሪዳ ድረስ ሄደው 2 ለ0 አሸነፉ። ለምን አትሉም? ሰባተኛዋ ጨዋታ ቶሮንቶ ላይ፣ ሙሉ ሙሉ ዋጋ በከፈለ ተመልካች ፊት እንድትካሄድ ነዋ! እሷንም 6 ለ1 ተሸነፉ። ያው ውጤት፣ ያው ሜዳ። ሰው ተናዶ ማሊያውን እያወለቀ በረዶው ላይ ወረወረ። ዋጋዋን ለሚያውቅ ሰው ያቺ ማሊያ መወርወሯ የሀብት ምልክት እንጂ የንዴት አይደለም፤ ደግሞም ወርዋሪው በሳምንቱ ሌላ ይገዛል።

ሰባተኛ ጨዋታን የመሸነፍ ሙያ በአንድ ጀንበር የተገኘ እንዳይመስላችሁ። 2013፣ 2018፣ 2019፣ 2021፣ 2022፣ 2024፣ 2025፤ ሰባት ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሰባት ሽንፈት። ሳያቋርጡ። ሳንቲም ወደ ላይ ብትወረውሩ እንኳ ከሰባቱ አንዷ ቀንቷችሁ በተገኘች። ዕድል በዚህ አልተጠረጠረችም፤ ይሄ ሥልጠና ነው።

የሁሉም እናት የ2013ቷ ናት። ቦስተን ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ 11 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ሊፍስ 4 ለ1 ይመሩ ነበር። በበረዶ ሆኪ በዚህ ሰዓት ሦስት ግብ መምራት ማለት ጉዳዩ አልቋል፣ ኮታችሁን ልበሱ ማለት ነው። ቦስተኖች አንድ አገቡ። ከዚያ በ31 ሰከንድ ልዩነት ሁለት አከሉ፤ አቻ የምታደርገዋ የገባችው 51 ሰከንድ ሲቀር ነው። በተጨማሪ ሰዓት አምስተኛዋን አስገብተው አሰናበቷቸው። ያቺን ምሽት ያየ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ሊፍስ ሦስት ለባዶ ሲመሩ አሁንም ከወንበሩ ተነስቶ መሄድ ይጀምራል። ብራድ ማርሻንድ የሚባለውን የቦስተን ተጫዋች ደግሞ ማንሳት ያስፈልጋል። 2013 ነበረ፤ 2018 ነበረ፤ 2019 ነበረ፤ 2024 ነበረ። በ2025 ቦስተን ወደ ፍሎሪዳ ሲያሻግረው «እፎይ፣ ተገላገልን» ያለ የኛ ሰው ነበር። ሰውየው በወራት ውስጥ የፍሎሪዳን ማሊያ ለብሶ ለሰባተኛዋ ጨዋታ ቶሮንቶ ከች አለ። እንዲህ ያለውን ታማኝነት ከራሳችን ተጫዋቾች እንኳ አላየንም።

ከሁሉ ሽንፈት ግን ለእኔ የምትበልጠው የየካቲት 2020ዋ ናት። ጥሎ ማለፍም አልነበረች፤ ተራ የቅዳሜ ምሽት ጨዋታ። ካሮላይና ቶሮንቶ ላይ ሲጫወት ሁለቱም ግብ ጠባቂዎቹ ተጎዱ። የያኔው ደንብ በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለሜዳው ቡድን ያዘጋጀው ተጠባባቂ ሰው እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። ዴቪድ አይረስ ገባ። ዕድሜው 42፤ ኩላሊቱ ከእናቱ የተለገሰችው። ሙያው? እዚያው ከተማ ባለ ሌላ የሆኪ አዳራሽ ሠራተኛ ሲሆን፣ በረዶውን የሚያስተካክለውን ዛምቦኒ የሚባል መኪናም ነድቷል። በልምምድ ላይ ለራሳቸው ለሊፍስ ተጫዋቾች ግብ ሲጠብቅላቸው የኖረም እሱ ነው። በዓመት አሥር ሚሊዮን ዶላር የሚያልፍ የሚከፈላቸው ኮከቦች ያሉባቸው አጥቂዎቻችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምቶች አገቡበት፤ ከዚያ ትንሽ አፈሩ መሰለኝ፣ የቀሩትን ስምንቱን እጁ ላይ አስቀመጡለት። ካሮላይና 6 ለ3 አሸነፈ። ቡድኑ በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ልምምድ አጋሩ ተረታ ማለት ነው። ይህን ያህል ለሰው የሚያዝን ቡድን የት አገር አለ? (ዋንጫ ያነሱ ብዙ ከተሞች አሉ። የመኪና ሹፌር ያነገሠ ግን እኛ ብቻ ነን።)

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንዳንድ የዋሆች «ሊፍስ ለምን አያሸንፉም?» ብለው ሲጠይቁ እሰማለሁ። ጥያቄው ተገልብጧል። ለምን ያሸንፋሉ? ፎርብስ መጽሔት በ2024 መጨረሻ የቡድኑን ዋጋ 3.8 ቢሊዮን ዶላር አድርሶ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ አድርጎታል። ዋንጫ አንስቶ የማያውቅ ትውልድ ይዞ! አዳራሹ ሞልቶ ነው የሚውለው፤ የዓመት ትኬት ያለው ሰው ለልጁ ያወርሰዋል እንጂ አይለቅም። ቢራው ይሸጣል፣ ማሊያው ይሸጣል፣ ሬዲዮው ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ሽንፈቱ ምክንያት ያወራል። የሚሸጠው ዕቃ ዋንጫ አይደለማ! የሚሸጠው «ዘንድሮስ» ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን እኛ ተረት አድርገን ትተነው፣ እነሱ ወተቷን አሽገው በየዓመቱ ይሸጡልናል፤ እኛም ተሰልፈን እንገዛለን፤ ዋጋዋ ሲጨመር ደግሞ እናመሰግናለን። ላሟ አንድ ቀን ወርዳ ደጃፋችን ብትቆም ማን ሁለተኛ ይከፍላል?

ያሸነፉትን እዩአቸው። ታምፓ 2020 አነሳ፣ 2021 ደገመ። ላስ ቬጋስ በ2017 ከምንም ተነስቶ በስድስተኛ ዓመቱ፣ በ2023፣ አነሳ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አያውቁም። ፍሎሪዳ 2024 አንስቶ፣ እኛን ረግጦ አልፎ 2025 ደገመ። እነዚህ ሰዎች ክረምት ሲገባ ምን ይነጋገራሉ? ሰልፍ ወጡ፣ ዘፈኑ፣ አለቀ። እኛ ግን ከግንቦት እስከ መስከረም ሙሉ ሥራ አለን፦ ማን ይባረር፣ ማን ይሸጥ፣ ማን ልብ የለውም። ለአንዱ ታክሲ ነጂ ወዳጄ አንድ ተሳፋሪ ከአየር ማረፊያ እስከ መሀል ከተማ ስለ 2013 እያለቀሰ የሰጠውን ጉርሻ፣ ሊፍስ አሸንፈው ቢሆን ኖሮ የሚሰጠው አይመስለኝም።

ደግሞስ ዋንጫው መቼ ከእኛ ራቀና? የሆኪ ዝነኞች ቤተ መዘክር ያለው ቶሮንቶ መሀል ከተማ፣ ያንግና ፍሮንት ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ ነው። ሎርድ ስታንሊ በ1892 የሰጡት ዋናው የብር ሳህን እዚያ ተቀምጧል፤ ከሊፍስ አዳራሽ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ትኬት ቆርጦ መግባት፣ ማየት፣ መሄድ ይቻላል። አንድ የሚያስከፋ ነገር ቢኖር ሕንፃው ድሮ የሞንትሪያል ባንክ የነበረ መሆኑ ነው። ሞንትሪያሎች እዚህም ቀድመውናል።

ሐበሻው በዚህ ቡድን ፍቅር ቶሎ መውደቁ የሚገርማቸው ፈረንጆች አሉ። ምን ይገርማል! ከቦሌ ሲነሳ ሻንጣው ውስጥ የአርሰናል ማሊያ ይዞ የመጣ ሰው ለዚህ ሥራ የተማረ የሰው ኃይል ነው። አርሰናል ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ ያነሳበት 2004፣ ሊፍስም አንድ የጥሎ ማለፍ ዙር ያለፉበት ዓመት ነበር፤ ሌላ አንድ ዙር ለማለፍ እስከ 2023 ጠብቀዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! የዚያን ቀን ታምፓን ሲጥሉ ሰው አደባባይ ወጥቶ የነጻነት ቀን ያህል ጨፈረ። አንድ ዙር እኮ ነው ያለፉት። ከአራቱ አንዱን።

አመራሩንም ሳላመሰግን አላልፍም። ብሬንደን ሻናሃን ከ2014 ጀምሮ ለ11 ዓመት ፕሬዚዳንት ነበር። በተጫዋችነት ዘመኑ ዲትሮይት ሳለ ሦስት ጊዜ ዋንጫውን ያነሳ ሰው ነው፤ ስለዚህ መንገዱን አያውቅም አይባልም። ቶሮንቶ መጥቶ ግን የአገሩን ወግ አከበረ። አሰልጣኝ ማይክ ባብኮክም ዋንጫና ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ይዞ፣ ለስምንት ዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ተዋውሎ መጣ፤ አንድ ዙር ሳያልፍ ሄደ። ኮከባችን ኦስተን ማቲውስ በ2016 የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ አራት ግብ አገባ። አራት! ሊፍስ 5 ለ4 ተሸነፉ። ልጁ ቤቱን ያወቀው በዚያች ምሽት መሆን አለበት።

አሁን ያለብን ችግር አንድ ነው። ለዓመታት ሽንፈቱን ሁሉ የምናሸክመው ሚች ማርነር፣ በመደበኛው ውድድር 102 ነጥብ አስመዝግቦ በጥሎ ማለፍ የሰደብነው የሰፈራችን ልጅ፣ በ2025 ክረምት ወደ ላስ ቬጋስ ሄዷል። ቦታው ባዶ መቆየት ስለሌለበት የሚከተለው ማስታወቂያ በየዳንፎርዙ ምግብ ቤት በር ላይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን።

ክፍት የሥራ ቦታ። የመደቡ መጠሪያ፦ ተወቃሽ። ብዛት፦ 1። ተፈላጊ ችሎታ፦ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ግብ የሚያዘንብ፣ ሚያዝያ ሲገባ የሚታመም። የሥራ ልምድ፦ በሰባተኛ ጨዋታ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ፤ የቦስተን ልምድ ያለው ቅድሚያ ይሰጠዋል። ደመወዝ፦ በስምምነት፣ ከስምንት አኃዝ የማያንስ። ዋስ ማቅረብ የሚችል። አመልካቾች ማስረጃቸውን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዘው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት አሥር ተከታታይ የሥራ ቀናት በአካል ቀርበው መመዝገብ ይችላሉ። ድርጅቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጥሎ ማለፉን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።